«አረሙ ብረቱን በልቶ ይጨርሰዋል» የተባለው ነገር

ተራራው፦ ትናንት ስብሰባ ላይ አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ፣ በተዘጋ ማዕድን ማውጫ የቀረው አፈር እርሳስና ካድሚየም የሚባሉ መርዛማ ብረቶች ይዟል ሲባል «አትጨነቁ፣ የበቀለበት አረም በልቶ ይጨርሰዋል» አለና ተጨበጨበለት። ቆፋሪው ሄደ፣ ጽዳቱ ለአረም ተተወ!

ቅጠሊት፦ ምኑ ያናድዳል? ኖክያ የምትባል ትንሽዬ አበባ አለች፤ ከደረቅ ቅጠሏ ክብደት ከመቶ 1 በላይ ዚንክ ትሸከማለች። አብዛኛው ተክል በዚህ መጠን ይሞታል። እሷ ሥሯ የሳበውን ወደ ቅጠል አውጥታ በየሴሉ ከረጢት ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጠዋለች።

ተራራው፦ «ታስቀምጠዋለች»! በይ እንግዲህ፣ አልበላችውም። ቅጠሉ ሲረግፍስ?

ቅጠሊት፦ ከመርገፉ በፊት ይታጨዳላ።

ተራራው፦ ማን ያጭደዋል? አረሙ ራሱን?

ሥረ ነገር፦ የምትጨቃጨቁት ስለ ጥቂቶቹ ነው። በማዕድን ዝቃጭ ላይ የሚበቅለው አብዛኛው ሣር ብረቱን ከሥሩ ወደ ላይ ብዙም አያሳልፍም። አቧራውንና ጎርፉን ይይዛል፤ ከብት ቢግጠውም ጉዳቱ ይቀንሳል። አፈሩ ግን ያው ነው።

ቅጠሊት፦ የኒው ካሌዶኒያ ደሴቱ ዛፍስ? ልጡ ሲቆረጥ ሰማያዊ አረንጓዴ ወተት ይፈሳል፤ ወተቱ ሲደርቅ ሩብ ያህሉ ኒኬል ነው!

ተራራው፦ ላም አለኝ በሰማይ! እህቴ፣ ያ ዛፍ ከጥንትም በተፈጥሮ ኒኬል በበዛበት አፈር የኖረ ነው፤ ለማደግም ዘመን ይፈጃል። እኛ ያነሳነው እርሳስን ነው።

ሥረ ነገር፦ በእርሳሱ ተራራው ልክ ነው። ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ሥር አያገኘውም። ተመራማሪዎች ኢዲቲኤ የሚባል ብረት አስለቃቂ ኬሚካል ጨምረው አስለቅቀውት ነበር፤ ግን የተለቀቀው እርሳስ ዝናብ ሲመጣ ተክሉን ሳይጠብቅ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይወርዳል።

ቅጠሊት፦ እኛ ግን ለክተን በቅጠሉ ላይ እርሳስ አግኝተናል።

ተራራው፦ በቅጠሉ ላይ ወይስ ውስጥ? አጥባችሁት ነበር? የዝቃጭ አቧራ ለክታችሁ «በላው» እንዳትሉን።

ቅጠሊት፦ አንተ ደግሞ ቃል ስትለቅም! በተጣራ ውኃ ሦስቴ አጥበናል።

ተራራው፦ እጣቢውንስ ለካችሁት?

ቅጠሊት፦ እጣቢ ማን ይለካል? ደፋነዋ።

ተራራው፦ የት?