የእንፋሎት ዘመን የውሃ ማማና የሎኮሞቲቭ ጋራዥ ሞዴል፦ ሐሳቡን አብረን እንቅረጽ

አስተባባሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ አቦ እንዴት ናችሁ? በማኅበራችን የመጨረሻ ስብሰባ እንደተስማማነው፣ የእንፋሎት ባቡርን ዘመን የሚያሳይ ሞዴል ሠርተን በድሬ ትምህርት ቤቶች እናዞራለን። አሁን የሚቀረን ለትምህርት ቤቶቹ የምንሰጠው ጽሑፍ ነው። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በባቡር ምክንያት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ሃዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ ደረሰ፣ ከተማዋም አብራው ተወለደች። የዛሬ ልጆች ግን እሳትና ውሃ ያን ሁሉ ብረት እንዴት ይጎትቱ እንደነበር የሚያዩበት ነገር የላቸውም። የኔ ሐሳብ አንድ የውሃ ማማ፣ ባለ ሁለት በር ጋራዥና መሐላቸው የሚያልፍ ሃዲድ ነው። ስኬሉ፣ ማለትም ከእውነተኛው መጠን የሚያንስበት እጥፍ፣ ስንት ይሁን?

ጡረተኛው አባል፦

ልጄ፣ ማማውን ማስቀደምሽ ደስ ብሎኛል። ስለ ባቡር ሲወራ ሰው ሁሉ ሎኮሞቲቩን ብቻ ነው የሚያየው። ያለ ውሃ ግን ሎኮሞቲቭ የቆመ ብረት ነው። ከጅቡቲ እስከ ድሬ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ደረቅ ምድር። እንፋሎቱ ፒስተኑን ከገፋ በኋላ በጭስ ማውጫው ወጥቶ ይሄዳል፤ ስለዚህ በየመንገዱ ቆሞ መሙላት ግድ ነበር። ታንኩ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው ውሃው በራሱ ክብደት ቶሎ እንዲወርድ ነው። ይህ ካልተነገረው ልጁ ማማውን የሰፈር ሮቶ አድርጎ ያልፈዋል።

ስኬሉ 1፡50 ይሁን። የድሮው ሃዲዳችን ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ50 ሲካፈል 20 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ማንኛውም ተማሪ በማስመሪያው ለክቶ ያረጋግጠዋል። የአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሃዲድ 1,435 ነው፤ በዚሁ ስኬል 28.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሁለቱን አጭር ቁራጭ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይታያል።

ወጣቱ አባል፦

ጋሼ፣ እኔ 1፡87 አስቤ ነበር፤ በውጭ ብዙ ሰው የሚሠራበት እሱ ነው። ግን የእሱ ጥቅም ተሠርቶ የሚሸጥ ዕቃ ማግኘቱ ላይ ነው። እኛ ሁሉንም በእጃችን ስለምንሠራ የእርስዎ ይሻላል። መቀመጫው 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች ቢሆኑ በባጃጅ እናጓጉዘዋለን። እያንዳንዱ ሰሌዳ 30 ሜትር መሬት ይወክላል፤ ለጋራዡ ይበቃል።

ቆርቆሮውን ከለስላሳ ጣሳ እንሥራ። ጣሳውን ቆርጦ ጥርሰ ጥቅጥቅ ሚዶ ላይ አስተኝቶ በእስክሪብቶ ጀርባ መስመር መስመሩን መጫን ነው። ሲገለበጥ ሞገዱ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ ልጆች ያለ ጓንት አይንኩት።

የሥዕል መምህሯ፦

እኔ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ስለ ማስረጀቱ ነው። በሥዕል የምናያቸው የፈረንጅ ሞዴሎች ግድግዳቸው ሥር አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አላቸው፣ ሁሉም ነገር እርጥብ ይመስላል። ያንን ከገለበጥን የሠራነው የድሬን ጋራዥ አይሆንም። የኛ አገር ቆላ ነው። ቀድሞ የሚያረጀው በፀሐይና በአቧራ ነው። ፀሐይዋ ከአናት ስለምትወርድ ጣሪያው ከግድግዳው ይበልጥ ይንጣ። አቧራው ደግሞ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው የሚተኛው፤ የመስኮት ደፍ ላይ፣ የምሰሶ እግር ሥር።

ዝገቱን በየቦታው አንቅባ። ቆርቆሮ መዛግ የሚጀምረው የዚንኩ ልባስ በተላጠበት ነው፤ የምስማሩ ቀዳዳ፣ የተቆረጠው ጠርዝ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበበት። ጥላሸቱም ምክንያት ይኑረው። ጭሱ ከበሩ አናትና ከጣሪያው መተንፈሻ ይወጣል፣ ስለዚህ እዚያ ይጥቆር፣ ወደ ታች ሲወርድ ይሳሳ።

ማማው ላይ ግን የምጓጓለት ነገር አለ። የድሬ ውሃ ኖራው ብዙ ነው፤ የሁላችንም የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ይመሰክራል። ከታንኩ መጋጠሚያ የሚያፈስ ውሃ በዓመታት ነጭ መስመር ይተዋል፣ ዳሩ ላይ ቀጭን ቡናማ ዝገት። ያችን አንዲት መስመር በደንብ ከሠራናት የድሬ ሰው ሳይነገረው ያውቃታል። የጠመኔ ዱቄት በቀጠነ ኮላ ለውሶ በቀጭን ብሩሽ ከላይ ወደ ታች መጎተት ነው።

እውነተኛ ዝገት ለማግኘት የብረት ሱፍ አቼቶ ውስጥ ማሳደር ይበቃል። ክዳኑ እንዳይጠብቅ፣ ጋዝ ይፈጥራል፤ ቦታውም አየር ያለው ይሁን። ለተላጠ ቀለም መጀመሪያ የዝገቱን ቀለም ቀብቶ ማድረቅ፣ ውሃ ነካ አድርጎ ደረቅ ያለ ጨው መበተን፣ ከላዩ ዋናውን ቀለም መንፋት። ሲደርቅ ጨውን በብሩሽ ማራገፍ ነው። ለጥላሸት የከሰል ዱቄት በደረቅ ብሩሽ።

እናት አባል፦

ልጆቼ፣ ሥራችሁ ያኮራል። ግን ለምን ዝገትና ጥላሸት? ያ ጋራዥ የሚወለወል፣ ሠራተኛው የሚኮራበት ቦታ ነበር። ልጆች ድሬን አሮጌ አድርገው እንዲያስቡ አልፈልግም።

የሥዕል መምህሯ፦

እትዬ፣ ልክ ነዎት፣ ይህንን ጽሑፉ ውስጥ ማስገባት አለብን። እንዲህ ብናደርግስ? የጋራዡ አንዱ ክንፍ ገና እንደተሠራ ይሁን፤ ቀለሙ ንጹሕ፣ ቆርቆሮው የሚያበራ። ሌላው ክንፍ ብዙ ዓመት ያገለገለ። ልጁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያይ ጥላሸቱ የሥራ ምልክት መሆኑን ይረዳል።

እናት አባል፦

እንዲህ ከሆነ እኔም አለሁበት። በንጹሑ ክንፍ በር ላይ ሠራተኞች አቁሙ፣ ባዶ ቤት አታድርጉት።

ጡረተኛው አባል፦

ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በስኬሉ 34 ሚሊ ሜትር ነው። ከሽቦና ከወረቀት እኔ እሠራቸዋለሁ። ለሃዲዱ ጠጠር ደግሞ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ንፉ። አንድ ሚሊ ሜትር ፍሬ በ1፡50 የ5 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ነው፣ ልክ የሃዲድ ጠጠር።

ሒሳብ ያዥ፦

ካርቶን፣ ጣሳ፣ ከሰልና አሸዋ በነጻ አለን። የሚገዛው ኮምፔርሳቶ፣ ኮላ፣ ካተር፣ ቀለምና የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ብቻ ነው። የሚያብረቀርቅ እንዳትገዙ፣ አቧራውን ያጠፋዋል።

አስተባባሪ፦

እንግዲህ ጽሑፉ እንዲህ ይነበብ፦ «ማኅበራችን የእንፋሎት ባቡር ዘመንን የውሃ ማማና የሎኮሞቲቭ ጋራዥ በ1፡50 ስኬል ሠርቶ ለተማሪዎች ያቀርባል። ሞዴሉ የዚያን ዘመን አሠራር ያሳያል እንጂ የአንድ የተወሰነ ሕንፃ ቅጂ አይደለም። አንዱ ክንፍ አዲስ፣ ሌላው በድሬ ፀሐይ፣ አቧራና ውሃ ያረጀ ይሆናል። ተማሪዎች ሃዲዱን ራሳቸው ለክተው ስኬሉን ያሰላሉ።»

እውነተኛውን የድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ መሥራት የምትፈልጉ አላችሁ፤ እሱ የመለኪያ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ለብቻው እንጻፍለት። ከመጀመራችን በፊት መምህሯ አንድ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቆርቆሮ ላይ ዝገቱን፣ ኖራውንና ጥላሸቱን ሞክረው ያሳዩን። እሱን አይተን ቀለሙን እንገዛለን። በጽሑፉ ላይ የሚታረም ያለው እስከ ቅዳሜ ይላክልኝ።