ሱሉልታ ላይ ማንጎ ለመትከል ብዬ ቀጋውን ልንቀል?

የአርባ ምንጭ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ ቤት ሠርተን ከገባን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ለአንድ ትልቅ ዛፍ የሚበቃ ቦታ ያለው በደቡብ በኩል፣ ከሳሎኑ ግድግዳ ሥር ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ እኛ ከመምጣታችን በፊት የነበረ አሮጌ ቀጋ ተንሰራፍቷል። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ነጭ አበባው ሲፈነዳ ሽታው መኝታ ቤት ድረስ ይገባል።

ባለፈው ዓመት እናቴ ከአርባ ምንጭ ስትመጣ፣ ከራሷ ዛፍ ከወደቀ ፍሬ ያበቀለቻቸውን ሦስት የማንጎ ችግኞች በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ይዛልኝ መጣች። እኛ አገር ማንጎ ማለት ልጆች በድንጋይ የሚያወርዱት፣ ወቅቱ ሲደርስ ከመብዛቱ የተነሣ መሬት ላይ የሚበሰብስ ነገር ነው። ስለ ብርድ ሲወራ ስሙ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ሰኔ ላይ ሁለቱን ተከልኳቸው። ክረምቱን አለፉ፤ መስከረም ላይ ያንን መዳብ የሚመስል ለጋ ቅጠላቸውን ሲያወጡ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ማለዳ ስወጣ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኗል። ችግኞቹ ግን አረንጓዴ ነበሩና ተረፉልኝ ብዬ አመሰገንኩ። አምስት ሰዓት ላይ የተቀቀለ ጎመን መስለው ተንጠለጠሉ፤ በሦስተኛው ቀን ጠቆሩ። ቀጋው ከእነርሱ አራት እርምጃ ርቆ፣ በዚያው ሌሊት፣ ቀይ ፍሬውን እንደተሸከመ ነበር። አንዲት ቅጠል እንኳ አልተጎዳችበትም።

ሦስተኛው ችግኝ ከነጀሪካኑ ወጥ ቤት ስለነበር ተርፎ አሁን ጉልበቴ ደርሷል። ባለቤቴ «ቀጋውን ነቅለን ፀሐይ የሚያገኘውን ጥግ ለማንጎው እንስጠው» ይላል። እውነቱን ለመናገር እርሱ ከቀጋው ጋር የግል ጠብ አለው፤ ሁለት ሹራብና አንድ የእሑድ ኮት ቀድዶበታል። ግድግዳው አጠገብ ቢተከል ማንጎው ይጸናል? ደግሞስ ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሆነው ሳለ፣ አንዱን ውርጭ የሚገድለው ሌላውን የማይነካው ለምንድን ነው?

የሜዳው ሽማግሌ፦

ልጄ፣ እኔ እዚሁ ሱሉልታ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ነኝ። ይህ ሜዳ የድርቆሽና የወተት አገር ነው። ብርድ እንደ ውኃ ነው፤ ሌሊት ከተራራው ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለ ቀን ከሆነ ማታውኑ እናውቀዋለን። አንዳንድ ዓመት ሜዳው ላይ ያለው ባቄላ በአንድ ሌሊት ሲጠቁር፣ ተዳፋቱ ላይ ያለው የወንድሜ ባቄላ ይተርፋል። ቤትሽ ሜዳው ላይ ነው ወይስ ተዳፋቱ ላይ? መጀመሪያ እርሱን ንገሪን። አፈሩም መረሬ ከሆነ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ያቁራል፤ ማንጎሽ ከብርዱ ቢያመልጥ ሥሩ ይበሰብሳል።

ቀጋውን ግን አትንኪው። እኛ ከብት ስንጠብቅ ፍሬውን እየበላን ነው ያደግነው፤ ውስጡ ያለውን ፀጉራም ዘር ሳያራግፍ የበላ ጉሮሮውን ሲያክ ይውላል እንጂ። አጥር ለማድረግም እርሱን የሚያህል የለም። ጥጃ አይጥሰውም፤ ባለቤትሽም እንዳልጣሰው ነግረሽናል።

ችግኝ ሻጭ ከቡራዩ፦

እህቴ፣ እኔ ችግኝ በመሸጥ ነው የምተዳደረው፤ ስለዚህ «ትከይ» ብል ነበር የሚጠቅመኝ።

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1285 ሜትር ላይ ናት። ሱሉልታ ከ2500 ሜትር በላይ ነው። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ እናትዎ ችግኙን ቢያንስ 7 ዲግሪ ወደሚቀዘቅዝ አገር ነው ያመጡት። ማንጎ የሕንድና የበርማ አካባቢ ተወላጅ ነው፤ ለእድገቱ የሚስማማው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ለጋ ችግኝ ደግሞ ከዜሮ አንድ ዲግሪ ዝቅ ሲል ሊሞት ይችላል። ቀጋ በአንጻሩ ራሱ ጽጌረዳ ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ጽጌረዳ እርሱ ብቻ ነው፤ ከ3000 ሜትር በላይም ይገኛል። እንዲህ ያሉ ብርድ የለመዱ ቁጥቋጦዎች ቅዝቃዜው ቀስ በቀስ ሲመጣ በሴሎቻቸው ውስጥ ስኳር ያከማቻሉ፤ ስኳር ያለበት ፈሳሽ ደግሞ ቶሎ አይረጋም። ማንጎ ይህን ዝግጅት አያውቅም። ውርጩ መጥቶ ኅዳር ላይ እንኳ ለጋ ቅጠል ሲያወጣ ያገኘዋል። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ ሲረጋ የሴሉን ሽፋን ይቀድደዋል፤ ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ ፈሳሹ ይፈስሳል። ማለዳ አረንጓዴ ሆኖ ያታለለዎት፣ አምስት ሰዓት ላይ ጎመን የመሰለው ለዚህ ነው።

ግድግዳው ያግዛል፣ አልክድም። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በዚያ በኩል ያለው ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ውርጭ በሚያሰጋበት ቀን አፈሩን አጠጥተው፣ ማታ በአራት እንጨት ላይ ጆንያ እስከ መሬት ቢያለብሱትና ጠዋት ቢያነሡለት ዛፉ ሊቆም ይችላል። ግን ከቆመ በኋላስ? ማንጎ የሚያብበው በዚያው በበጋው ብርድ ነው። ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን የአበባው ዱቄት ይደክማል፤ ፍሬ አይዝም። ደግሞ የእርስዎ ከዘር የበቀለ ነው፤ አርባ ምንጭ ላይ ቢሆን እንኳ ፍሬውን ለማየት ስድስት ሰባት ዓመት ይጠብቁ ነበር።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ ሽቅብ ወጥተው ጨንቻ ሲደርሱ ምን ያያሉ? ጨንቻ ወደ 2700 ሜትር ይጠጋል፤ ከማንጎው አገር በመኪና ብዙ አይርቅም። እዚያ ማንጎ የሚተክል አለ? የሚተክሉት ፖም ነው። ሱሉልታን ከአርባ ምንጭ ጋር ሳይሆን ከጨንቻ ጋር ያነጻጽሩ። የተዳቀለ ፖም ብዙ ቦታ አይፈጅም፤ አንዱ ፍሬ እንዲይዝ የሌላው የአበባ ዱቄት ስለሚያስፈልገው እንደ አና እና ዶርሴት ጎልደን ያሉ ሁለት ዝርያዎችን አንድ ላይ ይትከሉ።

ገላን፦

እኔ እንኳን ተስፋ ላስቆርጥዎት አልፈልግም፤ እኛ ዘንድ ከሱሉልታ ይሞቃል። የእኔ ማንጎ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ የቤቱን ጣሪያ አልፏል። ሁለት ጊዜ አብቧል። በሁለተኛው ጊዜ ብይ የሚያካክሉ ሰባት ፍሬዎች ያዘ፤ ልጆቼ በየቀኑ ሲቆጥሯቸው ሰነበቱ፤ ከዚያ ሁሉም ረገፉ። ጥላው ግን ግሩም ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና የምንጠጣው ከሥሩ ነው። ለጥላ ከሆነ የሚፈልጉት ይሞክሩት።

የአርባ ምንጭ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ፣ ቤታችን ሜዳው ላይ ነው፤ አፈሩም ያሉት መረሬ ነው። ጉድጓዱ ለምን ሰኔ ላይ ኩሬ እንደሚሆን አሁን ገባኝ።

የጨንቻው ነገር ግን አሳፈረኝ። ልጅ ሆኜ ከአክስቴ ጋር ወደ ጨንቻ ገበያ ስንወጣ ዶርዜ ላይ ሹራብ የምደርበው፣ ስንመለስ የማወልቀው እኔው ነበርኩ። ማታ ለእናቴ ደወልኩ። «ጨንቻ ማንጎ ይተከላል ወይ?» ስላት «አብደሻል?» አለችኝ። «ታዲያ ለእኔ ለምን አመጣሽልኝ?» ስላት ዝም ብላ ቆየችና «ቤትሽ ማንጎ ከሌለው ምን ይዤ ልምጣ?» አለች።

ችግኙን የፊታችን ቅዳሜ አዳማ ላለች እህቴ እወስድላታለሁ። ለእናቴ ግን ገና አልነገርኳትም። ሁለት ፖም ከቀጋው ግራና ቀኝ ልንተክል ወስነናል፤ መረሬው ውኃ እንዳያቁርባቸው አፈሩን ከፍ አድርገን። ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ጉድጓዱን ሊለካ ሲያጎነብስ ቀጋው ደግሞ እጅጌውን ያዘው። መቀስ ሊያመጣ ገብቷል፤ ከአንድ ቅርንጫፍ በላይ እንዳይቆርጥ እዚሁ ቆሜ እየጠበቅሁት ነው።