የሙቅ ውሃውን ሰዓት ማን ይሙላው? ከሊድስ እስከ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ አለይኩም ወገኖቼ። አሁን ያለሁት ደሴ ነው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እናቴ ቤት። የሰሞኑን የሙቅ ውሃ ጥያቄ ከዚሁ ሆኜ ሳነብ ነበር። እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ያለችው እህታችን አዲስ የተከራየችው ቤት ማሞቂያው በስልክ የሚታዘዝ ነው። የሙቅ ውሃውን ሰዓት መሙላት ግን አልሆነላትም። በርሚንግሃም ያለው ወንድማችን ደግሞ ደሴ ላሉት አባቱ ቦይለር አስገጥሞ እዚያው ሆኖ በስልኩ ሊያዘው ይፈልጋል። ሁለቱንም እንደምችለው ልመልስ።

መጀመሪያ የእህቴን። ስልኩን ከመነካካትሽ በፊት ቤትሽ ያለው ማሞቂያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቂ። ኮምቢ የሚባለው ከሆነ ውሃ አያጠራቅምም፤ ቧንቧውን ስትከፍቺ ያኔውኑ እያሞቀ ይሰጥሻል። ስለዚህ አፑ ላይ የሙቅ ውሃ ሰዓት የሚሞላበት ቦታ ብታጪ አይግረምሽ። የውሃው ሙቀት የሚስተካከለው ራሱ ማሞቂያው ላይ ነው፣ የቧንቧ ምልክት ባለበት በኩል። የራዲያተር፣ ማለትም ግድግዳ ሥር የቆመው ክፍሉን የሚያሞቀው ብረት፣ ምልክት ያለበት ለቤቱ ሙቀት ነው፤ እንዳይምታታብሽ።

ቁም ሳጥን በምታክል ጠባብ ክፍል ውስጥ ትልቅ በርሜል ቆሞ ካገኘሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሲሊንደር ይሉታል። ሰዓት የሚሞላው ለእሱ ነው። ለዚህ ደግሞ ከማሞቂያው ጋር የተያያዘው መቀበያ ሳጥን ባለ ሁለት መስመር መሆን አለበት፤ አንዱ ለራዲያተር፣ አንዱ ለውሃ። ለምሳሌ ሃይቭ የሚባለው በስልክ የሚታዘዝ የማሞቂያ መቆጣጠሪያ ለሁለቱ ዓይነት ቤቶች የተለያየ ሳጥን አለው። ሲሊንደር እያለሽ አፑ ላይ ሙቅ ውሃ የሚል ነገር ከሌለ፣ ወይ ሳጥኑ ባለ አንድ መስመር ነው፣ ወይ ሲገጠም በትክክል አልተሞላም። ይህን አንቺ አትነካኪው፤ የኤሌክትሪክ መስመር ስላለበት አከራይሽ ባለሙያ ይላክልሽ።

ቦታው ካለ ቀሪው ቀላል ነው። በፕሮግራም፣ ሁልጊዜ የበራ፣ የጠፋ የሚሉ ምርጫዎች አሉ። በፕሮግራም የሚለውን ያዢ። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ሰዓት ያህል፣ ማታ ልጆቹ ከመታጠባቸው በፊት ሌላ አንድ ሰዓት ሙዪ፤ ከዚያ እያየሽ አሳጥሪው ወይም አስረዝሚው። እንግዳ ሲመጣብሽ ፕሮግራሙን አታፍርሺ፤ ቡስት የሚለውን ብትጫኚ ለጊዜው ብቻ ያሞቅና ራሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። በአብዛኛው ሲሊንደር ያለው ቤት ስልኩ የሚያዘው ሰዓቱን እንጂ የውሃውን ሙቀት አይደለም። ሙቀቱ የሚሞላው ሲሊንደሩ ጎን ላይ በታሰረች ትንሽ ሳጥን ነው፤ ቁጥር የተጻፈባት ማዞሪያ አላት። እሷን 60 ላይ አድርጊያት። ለቁጠባ ብላችሁ 45 ላይ የምታደርጉ ወገኖች፣ እባካችሁ መልሷት። ሌጅዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል። ከሻወሩ የሚረጨውን ጥቃቅን የውሃ ብናኝ በመተንፈስ ብቻ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። 60 ላይ ግን ይሞታል። መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ሰዓቱን ያሳጥር፣ ሙቀቱን አይንካ። ደግሞም 60 ዲግሪ ውሃ የልጅ ገላ በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል። ትንንሽ ልጆች ካሉሽ መታጠቢያው ላይ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅል ቫልቭ መኖሩን አከራይሽን ጠይቂ።

ወንድሜ፣ ወደ አንተ ልምጣ።

የደሴን ብርድ ታውቀዋለህ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የጦሳ ተራራ ንፋስ ሲወርድ የቧንቧ ውሃ እጅ ያደነዝዛል። እናቴ ለሱብሂ ስትነሳ ውዱእ የምታደርገው በዚያ ውሃ ነበር። ጎረቤታችን እትዬም ኪዳን ለማድረስ ሲወጡ ፊታቸውን የሚታጠቡት በዚያው ነው። ስለዚህ ለአባትህ ያሰብከው ነገር ቅንጦት አይደለም፤ አላህ ይቀበልህ።

እኛ ቤት የተገጠመው 50 ሊትር፣ 1,500 ዋት ቦይለር ነው። ከስልክ የሚታዘዘው ቦይለሩ ራሱ ሳይሆን መብራት የሚሰጠው የዋይፋይ ማብሪያ ነው። ከ15 ዲግሪ ተነስቶ 60 ለመድረስ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ሳታሰላ ግማሽ ሰዓት ብቻ ብትሞላለት ለብ ያለ ውሃ ነው የሚጠብቃቸው። ለአንድ ሽማግሌ የሚበቃው ፕሮግራም፣ እንደኔ እንደኔ፣ ሁለት ጊዜ ነው። ዋናው ማታ ነው፣ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት። ሁለተኛው አጭር ነው፣ ከሌሊቱ 10 እስከ 11። ሌሊት መብራት ቢሄድ እንኳ ማታ የሞቀው ውሃ እስከ ንጋት ብዙም አይቀዘቅዝም። ሁሉንም በሌሊቱ ላይ የጣለ ሰው ግን መብራት በሄደ ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ይጠብቀዋል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ለሱሁር ቀደም ብለው ስለሚነሱ የሌሊቱን ቀደም አድርገው።

ሰዓቱን ስትሞላ ተጠንቀቅ፤ አፑ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው። አንድ የሰፈራችን አባት ውጭ አገር ላለው ልጃቸው «11 ሰዓት ላይ ሙቆ ይጠብቀኝ» አሉት። ልጁም 11፡00 ብሎ ሞላው። ውሃው የሚደርሰው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሆነ። የእሳቸው 11 ሰዓት አፑ ላይ ንጋት 5፡00 ነው። በዚያ ላይ አፑ ላይ የቤቱን ቦታ ኢትዮጵያ ብለህ ሙላ። እንግሊዝ ብለህ ከተውከው ክረምቷ ላይ በሦስት ሰዓት፣ በጋዋ ላይ በሁለት ሰዓት ይዛነፍብሃል። እንግሊዝ ሰዓቷን መጋቢትና ጥቅምት ላይ ትቀይራለች፤ እኛ አንቀይርም።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ማብሪያው ምን እንደሚያደርግም የሚጠይቅ ምርጫ አለ። እኔ «እንደነበረው ይቀጥል» የሚለውን ነው የመረጥኩት። ቦይለሩ የራሱ ሙቀት መቆጣጠሪያ ስላለው የሞላለት ላይ ሲደርስ ራሱ ያቆማል። አንዳንዱ ማብሪያ ግን ዋይፋዩ እስኪመለስ ድረስ ሰዓቱ ይጠፋበታል። ስለዚህ በእጅም የሚጫን ማብሪያ ግዛ፣ በስልክ ብቻ የሚሠራውን ተወው።

ዋናው ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱን መሙላት ያለበት ውሃውን የሚጠቀመው ሰው ነው። ስልኩን የያዘው ሰው ምክር ይስጥ እንጂ አይዘዝ። በርሚንግሃም ቁጭ ብለህ «ቦይለሩ ዛሬም ረጅም ሰዓት በርቷል» ብለህ ብታጠፋው፣ አባትህ ምናልባት እንግዳ መጥቶባቸው ነው። ወይም ወገባቸውን አሟቸው ሙቅ ውሃ ሊይዙበት ነው። ደውለውም አይነግሩህም፤ «ልጄ እንዳይጨነቅ» ብለው በቀዝቃዛው ይታጠባሉ። ያሳደጉን ሰዎች እንዲህ ናቸው። እኛ ቤት ማብሪያው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ነው፣ በእናቴ ቁመት። ቦይለሩ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ስትጠፋ ውሃው መድረሱን ታውቃለች። እኔ የሞላሁላትን የሌሊት ፕሮግራም ደግሞ በራሷ ግማሽ ሰዓት ወደፊት ገፍታዋለች፤ ልክ ናት፣ እኔ ተኝቼ ነው የማድረው።

ከሥር ለመጡት ጥያቄዎችም ባጭሩ ልመልስ።

ኮምቦልቻ ላለው ወንድማችን፦ እናንተ ዘንድ ሞቅ ስለሚል 30 ሊትርም ይበቃችኋል። ጣራችሁ ፀሐይ የሚያገኝ ከሆነ ሶላሩን አስቡበት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ደመናው ስለሚበዛ የኤሌክትሪክ መደገፊያ ያለው ይሁን።

«ቦይለሩ ሲሞቅ ከሥር ውሃ ያንጠባጥባል» ላልሽው እህቴ፦ አብሽሪ። ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ሴፍቲ ቫልቩ ትርፉን እያስወጣ ነው። ጠብታውን ለማቆም ብሎ ቫልቩን የሚደፍን ሠራተኛ ቢመጣ ግን አታስነኪው፤ የተደፈነ ቦይለር ሊፈነዳ ይችላል። ሮቶው ባዶ ሆኖ ከከረመ ደግሞ መጀመሪያ ውሃውን ሙሉበት። የሙቅ ውሃ ቧንቧውን ከፍታችሁ ውሃው ሳይቆራረጥ መውረዱን እዩ፣ ከዚያ አብሩት። ባዶውን ከበራ ውስጡ ያለው ማሞቂያ ይቃጠላል።

ከእንግሊዝ ማብሪያ ገዝቼ ልላክ ወይ ላልከው፦ የእንግሊዝ ሶኬት እዚህ አይገባም፤ በአስማሚ አድርጎ ቦይለር ማሠራት ደግሞ አደጋ ነው። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረውን ዓይነት ግዛ። 1,500 ዋት በ220 ቮልት 7 አምፔር ገደማ ይስባል። ለሰዓታት የሚበራ ነገር ስለሆነ 10 አምፔር የተባለውን ትተህ 16 አምፔር የሚለውን ፈልግ። ዋይፋዩ ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ መሆኑንም አረጋግጥ፤ አብዛኞቹ ማብሪያዎች የሚሠሩት በእሱ ብቻ ነው። የሚገጥምልህ ኤሌክትሪሺያን ኧርዙን፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደውን የመከላከያ ሽቦ፣ ሳያገናኝ እንዳይሄድ፣ ቦይለሩም የራሱ ብሬከር ይኑረው። ከመግዛትህ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፤ አይቼ እነግርሃለሁ።