ኮፐሩን ስቀንሰው ምርቱም አብሮ ይጠፋል

ጀማሪዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። የማስተርስ ሥራዬ ላይ ተቸክያለሁ። 4-ሜቶክሲፊኒል ቦሮኒክ አሲድና ሞርፎሊን አገናኝቼ አሪል አሚን (የቤንዚን ቀለበት የተያያዘበት አሚን) ልሠራ ነው፣ ያው የቻን-ላም ሪአክሽን። ኮፐር አሲቴቱን 1 ኢኩቫለንት (ከሚጋጠመው ውሁድ ጋር እኩል ሞል) ሳስገባ ደህና ነው። ወደ 20% ሳወርደው ግን ምርቱ 8% ብቻ! ዳይክሎሮሜቴን፣ ትራይኢታይልአሚን፣ በክፍል ሙቀት፣ ናይትሮጅን ሞልቼ ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ 24 ሰዓት። ሰማያዊው ቀለምም ይገረጣል። ሊጋንድ (ከኮፐሩ ጋር የሚጣበቀውን ሞለኪውል) ልቀይር?

ፍላስክ ሰባሪ፦
ናይትሮጅን?! እህቴ፣ ይሄ እኮ ኦክስጅን የሚከለከልበት የፓላዲየም ሪአክሽን አይደለም። ኮፐር 2 (+2 ቻርጅ ያለው ኮፐር) አሪሉን (የቤንዚን ቀለበቱን) ከቦሮኑ ይቀበላል፣ ሌላ ኮፐር 2 ኤሌክትሮን ወስዶለት ኮፐር 3 ያደርገዋል፣ ከዚያ አሪሉና አሚኑ ተያይዘው ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ኮፐር 1 ሆነው ቁጭ። ወደ ኮፐር 2 የሚመልሳቸው የአየር ኦክስጅን ነው፣ አንቺ ደግሞ በሩን ዘግተሽበታል። ለአንድ ምርት ሁለት ኮፐር ካለቀ፣ 20% ኮፐር ከ10% በላይ ከየት ያመጣል? 8% ማግኘትሽ እንዲያውም ጎበዝ ነሽ።

ደረቁ ሶልቨንት፦
ልክ ነው፣ ግን ዝም ብለሽ ክፍት እንዳታደርጊው። ውሃ ከገባ አሚኑን ቀድሞ ፊኖል ይሠራብሻል፣ ፊኖሉም በተራው ሌላ አሪል ይዞ ኤተር ይሆናል። በካልሲየም ክሎራይድ ቱቦ በኩል አየር ይግባ፣ ውሃ የሚመጥ 4 አንግስትሮም ሞሊኪውላር ሲቭ በደንብ አድርቀሽ ጨምሪ። ዳይክሎሮሜቴን ሌሊቱን ተንኖ ያልቃል፣ ቶሉዊን ይሻላል። አንቲላና ቡክዋልድ በ2001 ያወጡት መንገድ በቶሉዊን ነው፣ 2፣6-ሉቲዲንና ትንሽ ማይሪስቲክ አሲድ ያለበት፣ በካታሊስት መጠን ኮፐር ይሠራል። ሊጋንዱን ለጊዜው ተይው።

ዚንክ ወዳጅ፦
ናይትሮጅኑን ካልለቀቅሽ ደግሞ ወደ ዚንክ ነይ። በርማንና ጆንሰን በ2004 እንዳሳዩት ዳይአሪል ዚንክና የሞርፎሊን ኦ-ቤንዞይል ሃይድሮክሲልአሚን በኮፐር ካታሊስት ይጋጠማሉ። ኦክሲዳንቱ (ኤሌክትሮን ወሳጁ) የናይትሮጅንና ኦክስጅን ቦንዱ ራሱ ስለሆነ አየር አይፈልግም። ችግሩ ዚንኩን ለመሥራት ግሪኛርድ (የማግኒዥየም ሪኤጀንት) ማዘጋጀት አለብሽ፣ ሶልቨንቱን ቲኤችኤፍ ማድረቁ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ጀማሪዋ፦
ኧረ ግሪኛርድ ይቅርብኝ! ማታ ቱቦውን ገጥሜ ሄድኩ፣ ጠዋት ስመጣ አሁንም ሰማያዊ ነው። ቲኤልሲው (ውሁዶችን በነጥብ የሚለየው ፕሌት) ላይ የምርቱ ነጥብ ደምቋል፣ ፊኖሉም ግን አልጠፋም። ሲቩን በኦቨን 100 ዲግሪ ነበር ያደረቅኩት፣ ያንሳል እንዴ?

ደረቁ ሶልቨንት፦
በጣም እንጂ! ፈርነስ ውስጥ 300 አካባቢ፣ ሌሊቱን ሙሉ።