የዶክተር ፊልጉድ ሻካራ ድምፅ ከየት መጣ?

ጠያቂ፦ በቴምዝ ወንዝ አፍ ላይ ከምትገኘው ከእንግሊዟ የካንቪ ደሴት የወጣው የሙዚቃ ቡድን ዶክተር ፊልጉድ፣ ብሉዝ ሮኩን እንዲህ ሻካራና ጥድፊያ የበዛበት ያደረገው ምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ይኖራል? ጊታሩን ስሰማ ሁለት ሰዎች የሚጫወቱት ይመስለኛል።

መልስ 1፦ የሚጫወተው አንድ ሰው ነው። ዊልኮ ጆንሰን ያለ መምቻ፣ በጣቶቹ ብቻ ቴሌካስተር የተባለውን የኤሌክትሪክ ጊታሩን እየመታ አጃቢውንና መሪውን ዜማ በአንድነት ያወጣ ነበር፤ በዚህም የፓይሬትስ ቡድን ጊታሪስት የነበረው የሚክ ግሪን ተጽዕኖ ይታይበታል። በ1975 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው በአመዛኙ በሞኖ (ሁሉም ድምፅ በአንድ መስመር ተደምሮ) የተዘጋጀ በመሆኑ ደግሞ ድምፁ ሳይበታተን፣ ታምቆ ነው ጆሮ ላይ የሚያርፈው።

መልስ 2፦ እስማማለሁ፤ ሆኖም የቡድኑን ድምፃዊ ሊ ብሪሎን ባይዘነጉት መልካም ነው። በመድረክ ላይ የተቀረጸው አልበማቸው በ1976 በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ለመሆን የበቃው፣ በእኔ ግምት፣ የብሪሎ ጎርናና ድምፅና ሃርሞኒካ ከጆንሰን ጊታር ጋር ሲፋለሙ በግልጽ ስለሚሰማ ነው። ጆንሰን በ1977 ከተለየ በኋላ ቡድኑ ቢቀጥልም (ጥሩ ሥራዎችም አሉት) ያ ውጥረት አልተመለሰም።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፤ እንግዲያውስ ከመድረኩ አልበም እጀምራለሁ።