ፍሪጅ በወር ስንት መብራት ይበላል? አራት ፍሪጆች ለክቼ የደረስኩበት ጥቆማ

እህቴ ኮተቤ ተከራይታ ትኖራለች። ያገለገለ ባለ አንድ በር ፍሪጅ ገዝታ ባስገባች በሳምንቱ አከራይዋ «ለፍሪጁ በየወሩ 400 ብር ትጨምሪያለሽ» አሏት። ግቢው ውስጥ አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል። ልትስማማ ስትል «ቆይ፣ መጀመሪያ እንለካው» ብያት ከአንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወዳጄ ሶኬት ላይ የሚሰካ የፍጆታ መለኪያ ተውሼ ሄድኩ። በሰባት ቀን 6.3 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪ ፍጆታን የሚቆጥርበት መለኪያ) አሳየን። በወር ሲሰላ 27 ነው። ደረሰኙ ላይ ባለው ዋጋ ስናባዛው ከተጠየቀችው ገንዘብ ግማሹን እንኳ አልሞላም።

በዚያው ግቢ የእንጀራ ምጣድ አለ። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። የእህቴ ፍሪጅ ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ የሚወስደው ከዚያ ያነሰ ነው። ቀንና ሌሊት ድምፁ ስለሚሰማ ብቻ የመብራት ሂሳብ ሁሉ በፍሪጅ ሲሳበብ ዝም ብዬ መስማት አልቻልኩም። እንደ እህቴ በአንድ ቆጣሪ የምትኖሩ ተከራዮች ከመክፈላችሁ በፊት አስለኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ፍሪጆች ጨምሬ ለካሁ። የእኔ አዲስ፣ ትንሽ፣ ባለ አንድ በር ነው፦ በቀን 0.5 ኪሎዋት ሰዓት። ጎረቤቴ የገዛው አዲስ ባለ ሁለት በር ኢንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት እንደ አስፈላጊነቱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ፍሪጅ፣ 0.8 አሳየ። የእናቴ ግን ከውጭ አገልግሎ የመጣ ትልቅ ኖ ፍሮስት ነው፤ በቀን 2.1፣ በወር 63 ኪሎዋት ሰዓት! ኖ ፍሮስት በረዶውን የሚያቀልጠው በውስጡ በተገጠመ ማሞቂያ ስለሆነ ያን ያህል ቢወስድ አይግረማችሁ፤ እርጅናና የላላ በር ሲጨመሩበት ደግሞ ይብሳል።

ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ሻጩ «100 ዋት ብቻ ነው» ቢላችሁ አትደሰቱ፣ «200 ዋት ነው» ቢላችሁም አትደንግጡ። ሞተሩ እያረፈ ስለሚሠራ ዋቱን በ24 ሰዓት ማባዛት የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። የምትፈልጉት የፍጆታ ተለጣፊው ላይ ያለውን የዓመት ኪሎዋት ሰዓት ነው። በ12 አካፍሉት፣ ከዚያ በደረሰኛችሁ ዋጋ አባዙት። 290 የተጻፈበት በወር 24 ያህል ይወስዳል ማለት ነው። ተለጣፊው የተላጠ ያገለገለ ፍሪጅ ከሆነ መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ለአንድ ቀን ሰክቶ ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ እኔ አልገዛም።

ለሦስት ወይም ለአራት ሰው የምመርጠው አዲስ ባለ አንድ በር ነው። በረዶውን በየጊዜው በእጅ ማቅለጥ ያደክማል፤ ግን ርካሽ ነው፣ ሲበላሽም ጠጋኝ አይቸገርበትም። ለትልቅ ቤተሰብና ሥጋና ወጥ በብዛት ለሚያስቀምጥ ኢንቨርተር ጥሩ ነው፤ ሳምሰንግም ኤልጂም ኢንቨርተር የሆኑ ሞዴሎች አሏቸው። ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን «በመብራት ቁጠባ ዋጋውን ይመልሳል» የሚለውን የሻጮች ወሬ አስሉት። በእናቴና በጎረቤቴ ፍሪጅ መካከል ያለው ልዩነት በወር 39 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለስሌት ያህል አንዱን በ5 ብር ብንይዘው በወር 195፣ በዓመት 2,340 ብር ይሆናል። ለአዲሱ የምትጨምሩት 30,000 ብር ቢሆን ለመመለስ ከ12 ዓመት በላይ ይፈጃል። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ስለተወሰነ ስሌቱ ይለወጣል፤ ፍጆታችሁ ወደ ላይኛው እርከን በወጣ ቁጥርም የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። ቢሆንም የሚሠራ ፍሪጅ ለመብራት ብላችሁ ብቻ አትሽጡ።

ለእናቴም አዲስ ከመግዛት ይልቅ የበሩን ጎማ አየንላት። አንድ ወረቀት በሩ መካከል ከትቼ ዘጋሁና ሳብኩት። ከላይ አጥብቆ ይዞት ነበር፤ ከታች በማጠፊያው በኩል ግን ምንም ሳይታገል ወጣ። ጎማው እዚያ ጋ ጠቁሮ፣ ደርቆ ተሰንጥቋል። አንዳንዱ ጎማ በሙቅ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ሲታሸት ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ የእሷ ስለተሰነጠቀ አስቀየርነው። ከግድግዳውም አንድ ስንዝር አራቅነው፣ ጀርባው ላይ የተጋገረውን አቧራ በብሩሽ ጠረግነው። እንደገና ስለካው በቀን 1.7 ሆነ። እናቴ ቁጥሩን በደብተሯ ጻፈችው።

ጠጋኝ ስትመርጡ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። ከዚህ በፊት የመጣ ሰው ገና ሶኬቱን ሳይነካ «ጋዝ ጨርሷል» ብሎ ሞልቶልን ሄደ፤ በሁለት ወሩ ያው ሆነ። የፍሪጅ ጋዝ በዝግ ቧንቧ ውስጥ ስለሚዞር እንደ ነዳጅ አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስ ቦታ አለ። ስለዚህ የሚያፈስበትን ፈልጎ፣ በይዶ፣ ከዚያ የሚሞላውን ያዙ። ቤት ድረስ መጥቶ የጎማውን ርዝመት በሜትር የሚለካ ጠጋኝ ካገኛችሁ ስልኩን አትጣሉ።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ስታብላይዘር (ከፍና ዝቅ የሚለውን የመብራት ኃይል የሚያስተካክል መሣሪያ) ግዙ፤ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ የሚያስነሳውን ዓይነት ምረጡ። ሞተሩን ከሚያቃጥሉት ነገሮች አንዱ መብራቱ ጠፍቶ ወዲያው መምጣቱ ነው።

መለኪያ የሌላችሁ ማታ 4 ሰዓት ላይ ከፍሪጁ በቀር ሁሉንም አጥፍታችሁ ቆጣሪውን አንብቡ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ድገሙት፣ ልዩነቱን በሦስት አባዙ። ቀን በሩ ስለሚከፈት እውነተኛው ፍጆታ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል።

አከራይዋ ቁጥሩን አይተው በ150 ብር ተስማምተዋል። እኔ የለካሁት ሁሉ አዲስ አበባ ነው፤ ድሬዳዋና ሰመራ ያላችሁ፣ በእናንተ ሙቀት ሞተሩ ብዙ ስለሚሠራ የለካችሁትን ከፍሪጁ ዓይነት ጋር ጻፉልኝ። ጎማ በልክ የሚሠራ ሰው የምታውቁም ጠቁሙ።