ድንጋይ ለሚወድ ልጅና ጉልበቷን ለሚያማት እናት፦ የስፔን ገጠር አለቶች የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ (የሽቱትጋርቷ)

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከፍኖተ ሰላም መጥታ እኔ ጋ ናት። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ እሷንና የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ ወደ ማድሪድ እበርራለሁ፤ ለገጠሩ አራት ቀን መድቤያለሁ። ከተማና ሙዚየም በዚህ ጉዞ አልፈልግም። ልጄ ድንጋይ ካየ ከቦታው አይነቃነቅም። እናቴ ደግሞ ከፍ ካለ ቦታ ሆና ሩቁን አገር ማየት ነው ደስታዋ። ችግሩ ጉልበቷ ነው፤ ሜዳ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ትሄዳለች፣ ደረጃና ዳገት ግን ይከብዳታል።

ቶርካል፣ ሲውዳድ ኤንካንታዳ፣ ባርዴናስ፣ ላስ ሜዱላስ፣ ሪግሎስ የሚባሉ ቦታዎችን ፎቶ አይቼ ሁሉም አማሩኝ። የቱን ልምረጥ? መኪና የግድ ነው? ደግሞ እናቴ ጽጌን ትጾማለችና በገጠር ምን እንደምትበላ አሳስቦኛል።

ወንዴ ቫሌንሲያ

እህቴ፣ መጀመሪያ ካርታውን ዘርጊና እዪው። የጠቀስሻቸው ቦታዎች የአገሪቱ አራት ማዕዘን ላይ የተበተኑ ናቸው። ቶርካል ደቡብ ማላጋ ነው፣ ባርዴናስ ሰሜን ናቫራ፣ ሪግሎስ ፒሬኔ ተራራ ሥር፣ ላስ ሜዱላስ ደግሞ ወደ ጋሊሲያ ድንበር ሌዮን ውስጥ። ሁለቱን እንኳ ላዳርስ ብትዪ ጊዜሽን መንገድ ይበላዋል። ላስ ሜዱላስን በተለይ ለአሁኑ ተይው፤ ሮማውያን ተራራውን በውኃ ኃይል እየናዱ ወርቅ ያወጡበት ድንቅ ስፍራ ነው፣ ግን በኦገስት 2025 የሰደድ እሳት አካባቢውን ክፉኛ ጎድቶታል።

የኔ ምክር ኩዌንካ ነው። ከማድሪድ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። ኩዌንካ ከተማ አድራችሁ ጠዋት ጠዋት ወደ ተራራው መውጣት ትችላላችሁ። ሲውዳድ ኤንካንታዳ ከዚያ 30 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ቦታው የግል ይዞታ ስለሆነ መግቢያ ይከፈላል። ዙሪያውን የሚያስኬደው መንገድ 3 ኪ.ሜ. ያህል ነው፤ በጥድ ጥላ ሥር ሲሆን አብዛኛው ገር ነው። ዋናው ነገር ደግሞ ቶርሞ አልቶ፣ ያ አናቱ ሰፊ እግሩ ቀጭን የሆነው ታዋቂ አለት፣ መግቢያው አካባቢ ነው። እናትሽ እሱን አይተው ሊመለሱና ጥላ ሥር አረፍ ሊሉ ይችላሉ፤ አንቺና ልጁ ዙሩን ጨርሱ። መርከቦቹን፣ ውሻውን፣ ዝሆንና አዞ ሲታገሉ የሚመስሉትን አለቶች ልጁ ራሱ እየፈለገ ያገኛቸዋል።

ወደዚያ ስትሄዱ ከቪያልባ ዴ ላ ሲዬራ አለፍ ብሎ መንገድ ዳር ቬንታኖ ዴል ዲያብሎ አለ። መኪናሽን አቁመሽ ጥቂት እርምጃ ነው። አለቱ ተፈልፍሎ እንደ መስኮት የተከፈተ ሲሆን ከሥር የኹካር ወንዝ ገደል ይታያል። ክፍያ የለውም። ለእናትሽ ከዚህ የሚሻል አላውቅም። የልጁን እጅ ግን አትልቀቂ።

የማላጋው

ወንዴ ያለው ልክ ነው፣ ግን ቶርካልን እንዲሁ ማለፍ አይገባም። ላይኛው ፓርኪንግ ድረስ በመኪና ይወጣል፤ ከዚያ ላስ ቬንታኒያስ የሚባለው የእይታ ስፍራ እዚያው አጠገብ ነው፤ ቀኑ ጥሩ ከሆነ ሸለቆው ሁሉ ይታያል። አለቶቹም ከኩዌንካ ፈጽሞ ይለያሉ፤ ንብብር በንብብር የተደራረቡ እንጀራዎች ይመስላሉ። የሜዳ ፍየሎች በላያቸው ሲዘሉ ታያላችሁ። ከአንቴኬራ የድንጋይ መቃብሮች ጋር በ2016 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

እውነቱን ለመናገር ግን ከእይታው ስፍራ ወዲያ ያሉት የእግር መንገዶች ሹል ድንጋይና ጉድጓድ የበዛባቸው ናቸው። አጭሩ አረንጓዴ መንገድ 1.5 ኪ.ሜ. ብቻ ቢሆንም ለታመመ ጉልበት አይሆንም። ጉም ከወረደ ደግሞ ምንም አይታይም። ማላጋ የምታርፊ ቢሆን ኖሮ ሂጂ እልሽ ነበር። ከማድሪድ ተነሥቶ ከ450 ኪ.ሜ. በላይ መንዳት ግን ለዚህ ጉዞ ብዙ ነው።

አፈርና አለት (ጂኦሎጂ ተማሪ)

ለልጁ የሚነገረው ነገር ላክልበት። ኩዌንካ ያሉት አለቶች በክሬታሺየስ ዘመን፣ የዛሬ 90 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ፣ ጥልቀት በሌለው ባሕር ሥር የተጋገሩ ደለሎች ናቸው። ላይኛው ንብብር ዶሎማይት ነው፤ ማግኒዚየም ስላለው ይጠነክራል፣ ዝናብም ቶሎ አያሟሟውም። ታችኛው ግን ለስለስ ያለ ነው። ውኃ ሲያሟሟው፣ በክረምት በስንጥቁ የገባው ውኃ በረዶ ሆኖ ሲሰነጥቀው፣ እግሩ እየሳሳ አናቱ እንዳለ ይቀራል። ቶርሞ አልቶ እንደዚያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁን ቀለሙ የሚለወጥበትን መስመር በዓይኑ እንዲፈልግ አድርጊው፤ ጠንካራው ካለቀበት ለስላሳው ይጀምራል።

ቶርካል በዕድሜ ይበልጣል፣ የጁራሲክ የኖራ ድንጋይ ነው። የእኛው ሶፍ ዑመር ዋሻ የተቦረቦረበትም ድንጋይ በዚያው በጁራሲክ ዘመን ከባሕር የተረፈ ነው። ልጁ አንድ ቀን ባሌን ሲያይ ያስታውሰዋል።

አደራ፣ ድንጋይ ሰብሮ ወይም አንሥቶ ኪስ መክተት በእነዚህ ጥብቅ ስፍራዎች ክልክል ነው። በወረቀት ይሣል ወይም ፎቶ ያንሣ።

ሔኖክ ማድሪድ

መኪና ላይ የምታመነቺ ከሆነ ላ ፔድሪሳን ሳታዪ አትሂጂ። ከማድሪድ 50 ኪ.ሜ. ገደማ ነው፤ ከፕላሳ ዴ ካስቲያ 724 ቁጥር አውቶቡስ ማንሳናሬስ ኤል ሬያል ያደርሳል። ግዙፍ ክብ ክብ የግራናይት ቋጥኝ ተራራውን ሞልቶታል። እናትሽ መውጣት የለባቸውም፤ ከመንደሩ ቤተ መንግሥት ግቢ አካባቢ ሆነው ሐይቁንም ቋጥኙንም ያያሉ። በመኪና ወደ ውስጥ ለመግባት ካሰባችሁ ግን ቅዳሜና እሑድ በጊዜ ድረሱ፤ የመኪናው ብዛት ከሞላ በሩ ይዘጋል።

ወደ ኩዌንካ ባቡርም አለ፤ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ያደርሳል። ፈጣኑ ባቡር የሚቆምበት ጣቢያ ግን ከከተማው ውጭ ነው፤ ከዚያ ወደ አለቶቹ ለመድረስም ታክሲ መኮናተር ወይም መኪና መከራየት ይኖርብሻል። ለሦስት ሰው መኪናው ይሻላል። የጀርመን መንጃ ፈቃድ ይበቃል፤ አብዛኞቹ አከራዮች ግን በሹፌሩ ስም የወጣ ክሬዲት ካርድ ይጠይቃሉ። ልጁ ቁመቱ ከ135 ሴ.ሜ. ካልበለጠ የልጅ መቀመጫ በሕግ ግዴታ ነው፤ ስትከራዪ አብረሽ እዘዢ።

የሽቱትጋርቷ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ኩዌንካን መርጫለሁ፤ ሦስት ሌሊት እዚያው ላድር ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ቀኖቹን እንዴት ልደልድል? ደግሞ አንድ ጓደኛዬ በዚያ ወራት አደን አለ፣ ጫካ አትግቢ ብላ አስፈራራችኝ። እውነት ነው?

ወንዴ ቫሌንሲያ

አደን አለ፣ ግን የሚያስቀር አይደለም። በመጸውና በክረምት ብዙ የግል ጫካ የአደን ይዞታ ነው። ነጭና ጥቁር ሆኖ በሰያፍ የተከፈለች ትንሽ ሰሌዳ ካየሽ የአደን ክልል ነው ማለት ነው። «ባቲዳ» ወይም «ሞንቴሪያ» (በቡድን ሆነው እየነዱ የሚያድኑት አደን) የሚል ማስታወቂያ የተለጠፈበትን መንገድ ግን በዚያ ቀን ፈጽሞ አትግቢበት። ምልክት በተደረገባቸው የእግር መንገዶች ላይ ቆዪ፤ ነጭና ቢጫ ቀለም የአጭር መንገድ፣ ነጭና ቀይ የረጅም መንገድ ነው፤ የተሳለበት ኤክስ ምልክት ካየሽ አቅጣጫው አይደለም፣ ተመለሺ።

ስለ ቀኖቹ፦ ከኦክቶበር 12 በፊት ጨርሺ፤ ብሔራዊ በዓላቸው ስለሆነ በዚያ ሰሞን ሁሉም ይጨናነቃል። የመጀመሪያውን ቀን ለከተማው ስጪው፤ ከተማ አልፈልግም ብትዪም ኩዌንካ ራሷ ገደል ላይ የተንጠለጠለች ናት። አሮጌው ከተማ አናት ላይ ካለው የካስቲዮ ሰፈር ድረስ በመኪና ይወጣል፤ እናትሽ እዚያ ቆመው የኡዌካርን ወንዝ ገደል ይዩ። የሳን ፓብሎን የብረት ድልድይ ግን ከፍታ ለሚያዞረው ሰው አልመክርም።

በሁለተኛው ቀን ቬንታኖና ኤንካንታዳ። በሦስተኛው ቀን ኡኛ። ከመንደሩ በላይ ካለው ሚራዶር (የእይታ ስፍራ) ሐይቁን ከላይ ታዩታላችሁ፤ ጥንብ አንሶችም ከእናንተ ዓይን ትይዩ ያልፋሉ። እነሱ የሚነሡት አየሩ ሲሞቅ ስለሆነ ረፋድ ላይ ድረሱ። ጊዜ ከተረፈ የላስ ማኻዳስ አለታማ መተላለፊያዎች አሉ፤ ነጻ ናቸው፣ ሰውም አይበዛባቸውም፣ ልጁ በድንጋይ መሐል ይሽሎኮሎካል። ምሽት ላይ ጫካው አጠገብ ጸጥ ብላችሁ ከቆማችሁ የወንድ አጋዘኖች ጩኸት ይሰማል፤ የሚፈላለጉበት ወቅት ማብቂያው ነው።

ቦታው ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጠዋት ይበርዳል። ለእናትሽ ጋቢ አትርሺ። ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም፤ ካርታውን ከከተማ ሳትወጪ አውርጂው፣ ነዳጅም ከኩዌንካ ሙዪ። ለድንገተኛ ነገር 112 ነው።

ወለተ ማርያም ሳራጎሳ

የምግቡን ለኔ ተዉት። ልጄ፣ ገጠር ውስጥ ከጾም ምግብ ይልቅ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ምሳ በእነሱ ሰዓት ከ13:30 እስከ 16:00 ነው፤ ካለፈ ወጥ ቤቱ ይዘጋና እስከ ምሽቱ 20:30 ወይም 21:00 ምንም አታገኙም። እሑድ ሱቁም ዝግ ነው። ስለዚህ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ የወይራ ፍሬ፣ ሙዝና ለውዝ ይዛችሁ ውጡ።

ምግብ ቤት ስትገቡ «ሲን ካርኔ» ማለት ብቻ አይበቃም። ሥጋ የሌለው ብለው ካም የሚባለውን የአሳማ ሥጋ ጣል ያደርጉበታል፣ ስለዚህ «ሲን ኻሞን» ብለሽ ጨምሪ፤ ከዚያ «ሲን ዌቦ፣ ሲን ሌቼ»፣ እንቁላልም ወተትም የሌለው። ፒስቶ ጥሩ ነው፤ ቲማቲም፣ ቃሪያና ዝኩኒ በዘይት የተቁላላ ነው፣ እንቁላል እንዳይጥሉበት ግን ቀድመሽ ንገሪ። በዚያ ወቅት ዝናብ ከጣለ ከጥድ ጫካው የሚለቀም ኒስካሎ የሚባል እንጉዳይ ይገኛል፤ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የተጠበሰው ለእናትሽ ይስማማቸዋል። ጋስፓቾ ሲሉሽ ተጠንቀቂ፤ በደቡብ ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ ነው፣ ኩዌንካ ባለችበት በላ ማንቻ አካባቢ ግን «ጋስፓቾ ማንቼጎ» የጥንቸልና የወፍ ሥጋ ያለበት ወጥ ነው። ሞርቴሩዌሎም ጉበትና ሥጋ ነው። ለጣፋጭ አላኹ ግዢላቸው፤ ማር፣ አልመንድና የዳቦ ፍርፋሪ ነው፣ ከጥንት ከሙስሊሞቹ ዘመን የቆየ የኩዌንካ ምግብ ነው።

ሌላም ልንገርሽ፤ እናትሽ የጎጃም ሰው ስለሆኑ ደስ ይላቸዋል። በ1618 ግሼ ዓባይን ያየው ፔድሮ ፓኤዝ የተወለደው ከማድሪድ በስተምሥራቅ ባለች ኦልሜዳ ዴ ላስ ፉዌንቴስ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ወደ ኩዌንካ ስትሄዱ ትንሽ ዞር ብትሉ ትደርሱባታላችሁ። የሮም ካቶሊክ ሚስዮናዊ ነበር፣ ታሪኩም ብዙ ክርክር ያለበት ነው፤ ግን የአገራቸውን ምንጭ ያየ ሰው መንደር ማየት ለእሳቸው ትልቅ ነገር ይመስለኛል።

የሽቱትጋርቷ

ይህንን አሁን ላነብላት ሄድኩ፤ ኦልሜዳን ሳናይ አንሄድም ብላለች! አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፤ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መኪና ያጥወለውላታል፤ ምን ይሻላል?

ወንዴ ቫሌንሲያ

ከፊት አስቀምጫቸው፤ ከመነሣታችሁ በፊት ደረቅ ዳቦ ይቅመሱ እንጂ በባዶ ሆድ አይሂዱ። ከቪያልባ በኋላ መንገዱ መዞር ስለሚጀምር ቀስ ብለሽ ንጂ፤ ቬንታኖ ላይ የምታቆሙት ዕረፍት ይሆናቸዋል። ከኤንካንታዳ ስትመለሱም ጂፒኤሱ በሌላ በኩል ቢመራሽ አትስሚው፤ በመጣሽበት በቪያልባ መንገድ ተመለሺ።